አሥራ ሁለቱ የአበባ ዘር ፓኬቶች

ሳህኑ እንደተከደነ ተመለሰ። ሉሊት በሁለት እጇ ይዛው የአጥሩን በር በክርኗ ገፋችና ጎረቤታቸው ማርያማዊት ደጃፍ ላይ ቆመች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም ማርያማዊት በአጥሩ ላይ ካቀበለቻት። ትኩስ ቂጣ ነው፣ ላዩ ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት። አክስቷ አየሁሽ ግን ክዳኑን ከፍታ እንኳ አላየችም። «መልሺላት። ጠግበናል በያት» ብላ ፊቷን አዞረች።

«ጠግበናል አለች» አለች ሉሊት፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ማርያማዊት ሳህኑን አየችው። «ቂጣዬን ሳትቀምሱ ነው የጠገባችሁት? ጥሩ ነው፣ እኔ ለሁለት እበላዋለሁ» አለች። ልትቀበል ስትል ግን አንድ እጇ የበሩን መቃን ያዘ። ወሯ ገብቷል፤ ሆዷ ቀድሟት ነው የሚሄደው። ሉሊት አላቀበለቻትም፤ ራሷ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት።

አዋላጇ ማርያማዊትን ሳምንት ቀርቶሻል ብላታለች። ባሏ ዋለ የትራክተር ሹፌር ነው። ሰኔ ከገባ፣ ያ ጥቁር መሬት ጭቃ ሆኖ ጎማ ከመዋጡ በፊት የሰሊጡ እርሻ ማለቅ ስላለበት፣ ከበረሃው ንቅንቅ አይልም። እናቷ ያሉት ወሎ ነው። መጋቢት ላይ አየሁሽ «ለምን ብለሽ ነው የምትጨነቂ? አራስ ቤት ካንቺ ጋር የምገባ እኔ ነኝ» ብላት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የዘሩ ነገር መጣ።

አየሁሽ መተማ ከመምጣቷ በፊት ጎንደር ከተማ በአንድ ሆቴል አትክልተኛ ነበረች። የሆቴሉ ባለቤት አትክልቱን አስነቅሎ መኪና ማቆሚያ ሲያደርገው፣ የአትክልተኞቹ አለቃ የተረፈውን የአበባ ዘር ለእሷ ሰጣት። አሥራ ሁለት ፓኬት ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ቀለሙ ዓይን የሚይዝ የአበባ ሥዕል አለ። በቆርቆሮ ሳጥኗ ግርጌ፣ ከክት ልብሷ ስር አስቀመጠችው። ሳጥኑን ተሸክማ በሦስት የኪራይ ግቢ ዞራለች፤ ግን አልዘራችውም። ነገ ውጪ ለሚልሽ ሰው አበባ አይዘራም፣ ትላለች። ዘንድሮ የራሷን ሁለት ክፍል ቤት ቀለሰች፤ ግቢው ቢሰፈር አሥር እርምጃ ነው። ግንቦት መጨረሻ ደመናው ሲጠቁር አፈሩን ቆፈረች፣ እጇን ታጠበች፣ ሳጥኑን ከፈተች። ልብሱን አንድ በአንድ አወጣች። ከግርጌው ምንም አልነበረም።

ቀና ስትል ደግሞ ከአጥሩ ማዶ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ ቀይ አበባ አየች። ማርያማዊት ከእነሱ ጋር ሁለት ዓመት አንድ ግቢ ተከራይታ የኖረች ናት፤ ሳጥኑንም ታውቀዋለች። ስትጠየቅ ዘሩን ከጤና ጣቢያው አጥር ላይ ከደረቀ አበባ እንደለቀመችው ተናገረች። አየሁሽ አላመነቻትም፤ ግን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የእሷ ቁጣ ድምፅ የለውም፤ እንደ በር መቀርቀሪያ ነው፣ አንዴ ከገባ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእግዜር ሰላምታ ቀረ።

እውነቱን የምታውቀው ሉሊት ብቻ ነበረች።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከደምቢያ ተምራ ሰው እንድትሆን ወደ አክስቷ የተላከችበት ዓመት። በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ሁሉ ሱዚ ይዘላሉ፤ እሷን «ደገኛዋ» እያሉ ወደ ገመዱ አያስጠጓትም። አንድ ጠዋት ከሳጥኑ ግርጌ አንድ ፓኬት መዘዘች። ለእሷ የሚያምር ፎቶ ነበር፤ ሲወዘውዙት የሚንሿሿው ነገር ዘር መሆኑን ልብ አላለችም። ገመዱን ለያዘችው ልጅ ለሰይዳ ሰጠቻት። የዚያን ቀን ዘለለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለቱም አለቁ። እሷም የክፍሉ ልጅ ሆነች። ፎቶዎቹንም ረሳቻቸው።

አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል፣ ፈተናው ደርሷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልትናገር አፏን ከፍታ ትዘጋለች። ቀኑ በጨመረ ቁጥር ነገሩ ከአፏ ይሰፋል። ባዶ እጄን ከምናገር አንድ እንኳ ላግኝ አለችና ፍለጋ ጀመረች።

ፓኬት ከሰጠቻቸው ልጆች አንዷን፣ ያብስራን፣ ስትጠይቃት ሳቀችባት። «ያ ፎቶ? ዶሮዎች በሉት እኮ። ማለቴ ውስጡን።» ስርጉት በበኩሏ ደብተር ለብዳበት ነበር፤ ደብተሩን እናቷ በኪሎ ሸጡት፣ ይኼኔ በርበሬ ተጠቅልሎበታል። ሌሎቹ ከተማውን ለቀዋል፣ ወይም ምንም አያስታውሱም። የቀረችው ሰይዳ ናት። ከሁሉ የበለጠ የወሰደች እሷ ነች፣ አራት ፓኬት። ቤተሰቧ ግን ወደ ኮኪት ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሉሊት ስልክ ቁጥሯን አፈላልጋ ደወለችላት።

«አሉ እኮ» አለች ሰይዳ። «ግን መጥተሽ ራስሽ እይው።»

ቅዳሜ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል፣ ለፈተና መጽሐፍ ልዋስ ብላ አክስቷን አስፈቅዳ በሚኒባስ ሄደች። ኮኪት ያለወትሮዋ ተጨናንቃለች። የዘር መዝሪያ ማሽን የጎተቱ ትራክተሮች፣ ልብሳቸውን በማዳበሪያ ከረጢት የቋጠሩ የቀን ሠራተኞች፤ ከወዲያም ከወዲህም የጎጃሙ፣ የወሎው ንግግር ይሰማል። ሰይዳ መንገድ ዳር ጠበቀቻት። ቁመቷ ረዝሟል፤ ሳቋ ግን ያው ነው።

ቤታቸው ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ አንዲት አሮጊት በጎናቸው ተጋድመዋል። የሰይዳ አያት ሙባረካ ናቸው፤ ሰይዳ እንደ ሱዳኖቹ «ሀቦባ» ነው የምትላቸው። አርባ ዓመት ከድንበሩ ማዶ ገላባት ኖረው፣ የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ነው የተሻገሩት። ሲሻገሩ ወድቀው ወገባቸው ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ሉሊት ጎንበስ ብላ እጃቸውን ስማ ቀና ስትል ፓኬቶቹን አየች።

አራቱም ግድግዳው ላይ ነበሩ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅና ነጭ። ከአልጋው ብዙም ከፍ ሳይሉ፣ የተኛ ሰው ዓይን ትክክል ላይ፣ በዱቄት ሙጫ ተለጥፈዋል። አንዳቸውም አልተከፈቱም።

«ጎረቤቶቼን እያየሽ ነው?» አሏት ሙባረካ። «ሰይዳ ናት ያመጣችልኝ፣ ጭቃ ብቻ እንዳላይ ብላ። ይቺ ቀይዋ ረቢዓ ናት። ቀይ ቶብ እንጂ ሌላ ለብሳ አታውቅም፤ ለሠርግም ቀይ፣ ለለቅሶም ቀይ። አሁን ገዳሪፍ ናት አሉ። ይቺ ቢጫዋ ሁሪያ ናት። ወሬ ትወድ ነበር። የት እንዳለች የሚነግረኝ አላገኘሁም።» ጣታቸውን ቢጫዋ ላይ ትንሽ አቆዩት። «ጠዋት ጠዋት ሰላም እላቸዋለሁ። አይመልሱም፤ ግን አይሄዱም።»

ሉሊት በቦርሳዋ የእርሳስ መቅረጫ ምላጭ ይዛ ነበር። እጇ ከቦርሳው ውስጥ አልወጣም። ሻይ ቀረበላት፣ ጠጣች። ስለ ትምህርት ጠየቋት፣ መለሰች። ከዚያ ተነሳችና መሸብኝ፣ ልሂድ አለች።

«እንዴ» አለች ሰይዳ፣ «ልትወስጂ አይደል እንዴ የመጣሽው?»

«ምኑን ነው የምትወስደው?» አሉ ሙባረካ።

ሉሊት እግሯን እያየች ነገረቻቸው። ሱዚውን፣ ሳጥኑን፣ የአክስቷን ባዶ መደብ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቀይ አበባ። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ስትጨርስ አሮጊቷ ግድግዳውን አዩ።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌባ ዕቃ ነዋ ሰላም ስል የኖርኩት» አሉ። ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሉሊት አልሳቀችም። እሳቸውም ሳቃቸውን ተዉት። «ያቺ ነፍሰ ጡርስ፣ ሌባ ስትባል ምን አለች?»

«ምንም። ቂጣ ላከች።»

«አይ ልጄ» አሉ ሙባረካ። እጃቸውን ዘርግተው ቀይዋን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓት። ውስጧ ተንሿሿ። ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ፣ እንደገናም መቱ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ዘር ይዛ ነው ዝም ያለችኝ? በሉ ረቢዓን ክፈቷት። መስጠት ድሮም ታውቅበታለች። ከታች ብቻ ቅደዱ፣ ፊቷን እንዳትነኩብኝ። ሌሎቹ ከኔ ጋር ይክረሙ።»

ሰይዳ ወረቀት ከስር ያዘች፤ ሉሊት የፓኬቱን ግርጌ በምላጩ ሰነጠቀችው። ገለባ የመሰለ ቀጭን ዘር ፈሰሰ። ሰይዳ የባዶውን ፓኬት ግርጌ በዱቄት ሙጫ መልሳ ዘጋችው። ረቢዓ ሆዷ ትንሽ ጎደል አለ እንጂ ፊቷ ያው ነው።

ወደ ሚኒባሱ ሲሄዱ ሰይዳ ክንዷን ያዘቻት። «አቦ አታካብጂ። ሳጥኑ ውስጡ በጨርቅ ተለብዷል አላልሽም? ከጨርቁ ስር ሸጉጪውና 'እቴቴ፣ አገኘሁት' በያት። አለቀ። ማርያማዊትም ነጻ ትወጣለች፣ አንቺም። ማን ተጎዳ?»

ሉሊት መንገዱን ሁሉ የተጎዳ ሰው ፈለገች። አላገኘችም።

ቤት ስትደርስ አየሁሽ ጓሮ ናት። ዘር የሌለውን መደብ እየኮተኮተች ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አረም አላበቀለችበትም። ሉሊት ሰላም ብላ ገባችና ሳጥኑን ከፈተች። የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ዘሩን ከነወረቀቱ አስገባችው። ልክ ለዚያ የተሠራ ይመስል ገጠመ። ክዳኑን ዘጋች። እቴቴ፣ አገኘሁት፤ ከጨርቁ ስር ነበር። በልቧ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ልትወጣ ስትል በመስኮቱ አየች። ከአጥሩ ማዶ ማርያማዊት የውኃ ጀሪካን ትጎትታለች። ሁለት እርምጃ ጎትታ ቆመች፣ ወገቧን ይዛ አቃሰተች። አየሁሽም ሰምታለች፤ መኮትኮቻዋ አየር ላይ ቀረ። ወደ አጥሩ ዞረች፣ አንድ እግሯም አብሮ ዞረ። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ መሬቱን ወጋችው።

ሉሊት ያን ጊዜ ነው የገባት። ዘሩ ከሳጥኑ ተገኘ ከተባለ፣ አክስቷ አጥብቃ ሳትፈልግ ሰው ያማች ሴት ትሆናለች። ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ ከማርያማዊት እግር ስር ትወድቃለች፣ ደህና አድርጌ ሳላይ በደልኩሽ ትላለች። ሉሊትም አጠገቧ ቆማ ትሰማታለች። ደህና አድርጋ ያላየች ግን አየሁሽ አልነበረችም።

ክዳኑን መልሳ ከፈተች።

ጓሮ ወጥታ የአክስቷን እጅ ዘረጋችና ዘሩን መዳፏ ላይ አፈሰሰችው። አየሁሽ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው። ፊቷ እንደ ሕፃን ሆነ።

«ቀዩ ነው» አለች። «የት ነበር?»

«ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም፣ እቴቴ። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሁሉንም።»

የቀረውን ቆማ ተናገረች። ሰይዳን፣ ያብስራን፣ የዶሮዎቹን፣ የግድግዳውን። አየሁሽ አንዴም አላቋረጠቻት። መዳፏን ግን አልጨበጠችም፣ አላዘነበለችም።

«ሱዚ?» አለች በመጨረሻ።

«ሱዚ።»

«ከጨዋታው እንዲያስገቡሽ?»

ሉሊት ራሷን ነቀነቀች።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ ገመዱን እይዝልሽ ነበር» አለች አየሁሽ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ያኔ ልጅ ነበርሽ። ያኔውን ትቼዋለሁ። ሦስቱን ሳምንት ግን ልጅ አልነበርሽም።»

«አውቃለሁ።»

አየሁሽ ዘሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። እንዲህ የቆየ ዘር ከአሥሩ አንዱ ቢበቅል ነው አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። እግሯን ታጠበች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ወጣች። ሉሊት ተከተለቻት።

ጀሪካኑ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ነው፤ ማርያማዊት ገብታለች። አየሁሽ በአንድ እጇ ጀሪካኑን አነሳች። ሌላውን እጇን ልታንኳኳ ዘረጋች፣ ግን እጇ ከበሩ ሳይደርስ ቆመ። ለቤት አከራይ፣ ለደላላ፣ ለቀበሌ አጎንብሳ የማታውቅ ሴት፣ በሰው በር ላይ እንደ እንግዳ ቆማ ቀረች።

«ምን ብዬ ልጀምራት?» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺ አትጀምሪም» አለች ሉሊት፤ በአክስቷ በኩል አልፋ በሩን አንኳኳች።

ከውስጥ የአልጋ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሰው በችግር ተነሳ።

«ማነው?»

«እኛ ነን» አለች ሉሊት።