ከመስታወቱ ወዲያ

ባለሙያዋ የዝና የሲቲ ስካን ክፍሉን በር ከፍታ ባለተራውን ስትጠራ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ክፍል ነው፤ የበረኪናውን ሽታ፣ የማሽኑን ማጉረምረም፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቀውን ብርድ ሁሉ ለምዳዋለች። ያልለመደችው የራሷን ገላ ነው። ከወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጣል፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ሰው የምትመክረው ሴት፣ እውነቱን ማወቅ ፈርታ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የገቡት አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ብቻቸውን። የሐኪሙ ወረቀት የደረታቸው ትልቁ የደም ሥር ይታይ ይላል። እንደምን ዋሉ አባቴ ብትላቸው ወደ አልጋው አለፉ። ተጋድመው፣ ክንዳቸው ላይ መርፌውን ሰክታ እስክትጨርስ ዓይናቸውን ከአንገቷ ላይ አልነቀሉም። የጠሏት መሰላት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። የደም ሥሩን የሚያሳየው ቀለም ሲገባ ሙቀት ይሰማዎታል፣ እንዳይደነግጡ አለቻቸው።

«እኔን አይሰማኝም» አሉ።

ከማሽኑ ከሚለያት መስታወት ወዲህ ተቀምጣ ቀለሙን ስትለቅ ሙቀቱ ከራሷ ጉሮሮ ተነስቶ ቁልቁል እስከ ጭኗ ወረደ፤ ምላሷ ብረት ብረት አላት። ስክሪኑ ላይ ግን በሽማግሌው ደም ሥሮች ውስጥ ጠብታ ቀለም የለም። ሄዳ አየች። መርፌው አልወለቀም፣ አልጋው ላይ የፈሰሰ ነገር የለም። ሐኪም መጥራት ነበረባት፤ ተሳሳተች እንዳይሏት ብላ ደግማ ለቀቀችው።

ሁለተኛው ሙቀት አንገቷን አነቃት። ምስሉ ቀስ እያለ ሞላ። ከራስና ከፊት ወደ ልብ የሚወርደው ትልቁ ሥር መሃሉ ላይ ተዘግቷል፤ መንገድ ያጣው ደም በደረት ግድግዳ ላይ በሚርመሰመሱ ቀጫጭን ሥሮች ይዞራል። ከበላዩ አንዲት ትንሽ መስቀል ነጭ ሆና ታየች። የሽማግሌው አንገት ባዶ ነው። የዝና ማተቧ ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀል ጨበጠች።

ሐኪሙ ገባ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስሟ ሲጠራት የኖረ ሰው ነው። ስክሪኑን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ አይቷት እንደማያውቅ ሁሉ በትህትና ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ልትናገር ብትሞክር ትንፋሽ አልበቃትም። ክፉ ውጤት ለታማሚ አይነገርም፤ የሚነገረው ለአስታማሚው ነው።

«እህቴ፣ ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» አላት።

መርፌውን ከክንዳቸው ነቅለው በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ በለዘበ ድምፅ፣ «ከእኔ ጋር ናት» አሉት።