የአንጁሎ እኩዮች

የማሞ ሬሳ የተገኘው በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ከሁምቦ ቆላ በላይ ባለች መንደር፣ በፋንታዬ እንሰት መካከል ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል፤ የፋንታዬ መቆፈሪያ አጠገቡ ወድቋል። ማሞ የገባሩን ቤትና ወንድ ሊቆጥር ከሶዶ የተላከ የመንግሥት ሰው ነው። የመንግሥት ሰው ሲገደል ደግሞ አገሩ በሙሉ ይያዛል። ልማዱ አውጫጭኝ ይባላል፤ የመንደሩ ሰው በእሾህ አጥር ታጉሮ ገዳዩን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ላሟ ሳትታለብ ትጮኻለች፣ ሕፃኑ በዝናብ ያስላል፣ የሚሰማ ግን የለም። ይህን ልማድ ያወጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ ከአጥሩ ውስጥ እንዳላደረ እምላለሁ።

መርማሪው ግራዝማች ዓምደሚካኤል ከሶዶ ሲደርሱ ሰዉ ከታጎረ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ የመንደሩ ጭቃ ሹም ዱባለ ሮጦ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ነገሩ አልቋል። አገሩ ተማክሮ ገዳዩን አውጥቷል። ፋንታዬ ናት፤ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ።»

«ተማክሮ ነው ወይስ ተመክሮ?» አሉ ግራዝማች።

በመጀመሪያ ሬሳውን አዩ። ከቁስሉ ይልቅ እግሩ ላይ ቆዩ። ሰሞኑን ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል፤ የማሞ ባዶ እግር ግን ንጹሕ ነበር።

«ያጠበው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም፣ ጌታዬ» አለ አንጁሎ። አንጁሎ የዚሁ መንደር ልጅ፣ ከማሞ ጋር የዞረ አስተርጓሚ ነው፤ ሬሳውንም መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው።

ፋንታዬን አመጧት። እጆቿ በጠፍር ታስረዋል፤ ከሲታ ናት። ይህችን ሴት ስቅላት ይጠብቃታል፤ እሷ ከተሰቀለች ደግሞ አጥሩ ይከፈታል። ስለዚህ ጎረቤቶቿ ዓይኗን ማየት ፈርተው መሬት መሬት ያያሉ።

«ማሞ ቤትሽ ለምን መጣ?» ብለው ግራዝማች ጠየቋት።

ፋንታዬ በወላይትኛ «ስለ ልጄ ስለ ጦና ልነግረው ጠርቼው ነው። አንተም ታውቃለህ፤ እውነቱን ንገራቸው፣ አንጁሎ» አለች።

አንጁሎ ወደ ግራዝማች ዞረ። «ምንም አላውቅም ትላለች፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ሶዶ ተወልደው በወላይታ ሞግዚት እጅ ያደጉ ናቸው። ቋንቋውን ከአንጁሎ እኩል ያውቁታል፤ ግን ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

«ማሞ ከመሞቱ በፊት ምን ሲሠራ ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ እስከ ቀትር ቤት ብቻ ነበር የቆጠርነው» አለ አንጁሎ። «ከቀትር በኋላ ወንዱን ሰብስቦ፣ ሁሉም አብሮት ከተገረዘው ጋር ይቀመጥ አለ። እዚህ አገር ዓመቱን የሚቆጥር የለም፤ አብሮት የተገረዘውን ግን ማንም አይረሳም።»

«ከዚያስ?»

«አየና ቆጠራውን ትቶ ሄደ።»

ግራዝማችም በአጥሩ ውስጥ እንደዚያው አስቀመጧቸው። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ናቸው። የአርባዎቹ ረድፍ ሳስቷል። ልጆቹ መሬቱን ሞልተውታል። በሠላሳዎቹና በልጆቹ መካከል ግን ሣር ብቻ የበቀለበት ሰፊ ቦታ ቀረ። አንጁሎ ወዴት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ቆሞ ቀረ።

ዱባለን ለብቻው ጠሩት።

«ማሞን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ ማለዳ። ሰላም ብዬው ሶዶ ገበያ ሄድኩ፤ እዚያው አድሬ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

«በበቅሎ?»

«በእግሬ። በቅሎዬ ታማ ከበረት አልወጣችም።»

«ጎረምሶችህስ የት አሉ?»

«የኅዳር በሽታ ፈጃቸው፣ ጌታዬ። ለማሞም ይህንኑ ብነግረው አላምን አለኝ።»

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል። ግራዝማች መልሱን እንደ ዋዛ ተቀብለው፣ የዱባለን በረት በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ከዚያ ከአጥሩ መካከል ቆሙ።

«ስሙኝ። በወጣትነቴ መልእክተኛ ተከትዬ ፈረንሳይ አገር ሄጃለሁ። እዚያ ሽበት ይበዛል፣ ልጅ ያንሳል። በየመንደሩ ግን የሠላሳ ዓመት ወንድ ብፈልግ አጣሁ፤ ጦርነት በልቶታል። አገር ሁሉ ያለፈበትን መከራ ከአቀማመጡ ታውቁታላችሁ። ማሞም ይህን የሚያይ ዓይን ነበረው።»

ወደ ሳሳው ረድፍ ጠቆሙ። «የኅዳር በሽታ ያለፈው እዚህ ላይ ነው። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡን የወሰደው ጎልማሳውን ነው፤ ሁለት ወንድሞቼን ቀብሬያለሁ። ዛሬ ቢኖሩ ከአርባዎቹ ጋር ይቀመጡ ነበር። ያኔ ልጆች የነበሩት ግን ተርፈው ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሶዶን ሞልተዋታል። እዚህ ብቻ የሉም። ስለዚህ ዱባለ ዋሽቷል።»

«ሊሳሳት ይችላል እኮ፣ ጌታዬ!» አለ ዱባለ።

«ሁለተኛ፣ ማሞ ይህን ጉድለት ያየው ከቀትር በኋላ ነው። አንተ ማለዳ ሶዶ ከሄድክ፣ ሲጠይቅህ በምን ጆሮ ሰማኸው? ሦስተኛ፣ የማሞ እግር ጭቃ አልነካውም። እግሩን ታጥቦ በገባበት ቤት ተገድሎ፣ በሆነ ነገር ተጭኖ መጥቷል። ፋንታዬ እንኳን ሬሳ እንስራ መሸከም የማትችል ናት። ታማ ከበረት አልወጣችም ያልካት በቅሎህ ግን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳለች።»

ዱባለ ሰዉን በዓይኑ ዞረው። ሁሉም አቀረቀረ። «ምስክርዎ ማን ነው?» አለ ተደላድሎ።

ያን ጊዜ ግራዝማች በወላይትኛ ተናገሩ። ያቀረቀረው ሁሉ ቀና አለ፤ አንጁሎ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«የፋንታዬን ቃል አፍህ ውስጥ ሲሞት ሰምቻለሁ፣ አንጁሎ። ምላስህን የያዘው ማን ነው?»

«እኅቴ አስካለች… ዱባለ ቤት ናት» አለ። «ከተናገርክ እሷም ትሄዳለች ብሎኛል። የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። የቀረች ልጁ እዚያ ያልተያዘችበት የለም።»

ግራዝማች ወታደሮቻቸውን ላኩ። ጥቂት ቆይተው አስካለችንና ሌሎች ሴቶች ልጆችን ይዘው መጡ። አስካለች እየሮጠች ወንድሟ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አሁን ለማሞ መመለስ የነበረብህን ለእኔ መልስልኝ» አሉ ግራዝማች። «አብሮህ የተገረዘው ማን ነው?»

አንጁሎ እኅቱን እንደያዘ ወደ ባዶው ቦታ ገብቶ ተቀመጠ።

«ጦና፣ የፋንታዬ ልጅ። ዱባለ አምና ሌሊት አስይዞ ለባሪያ ነጋዴ ሸጠው። ዳልጮ፣ እሱንም ሸጠው። እኔን አማርኛ ስለማውቅ አስቀረኝ። ማሞ ይህን ለሶዶ እናገራለሁ ብሎ ዱባለ ቤት ውስጥ ሲጮኽ ሰምቻለሁ፤ በሕይወት ሲወጣ ግን አላየሁትም።»

ዱባለ ወደ በሩ ሲሮጥ ያዙት። የፋንታዬን ጠፍር ፈትተው በእሱ እጅ ላይ አሰሩት። ግራዝማችም አጥሩ እንዲከፈት አዘዙ።

ፋንታዬ የተላጠ እጇን እያሻሸች ፊታቸው ቆመች። «የማሞን ገዳይ አገኙ። ጦናንስ ማን ያመጣልኛል?»

«ፈረሰኛ እሰዳለሁ» አሉ ግራዝማች። ዓመት ያለፈው መንገድ በፈረስ እንደማይደረስበት ያውቁ ነበርና ዓይኗን ማየት አፈሩ።

አንጁሎ ስም መጥራቱን አላቆመም። በሩ ተከፍቷል፤ ከብቶቹ ከሩቅ ይጮኻሉ፤ ግን አንድም ሰው አልወጣም። እናቶቹ አንጁሎ የየልጃቸውን ስም እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር።