ሔራን ያልገባት ክልከላ

ሔራን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ ነው። ጎረቤቷ ጋሼ ወልደሰማያት በልጅነታቸው ኩባ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስፓኒሽ ያስተምሯታል።

አንድ እሑድ መከልከልን አስተማሯት። ከፊት "ኖ" ይባልና የግሱ ጭራ ይለወጣል። በ"አር" የሚያልቀው "ኤ"ን ይይዛል፤ በ"ኤር" ወይም በ"ኢር" የሚያልቀው "አ"ን። አብላር መናገር ነው፤ አትናገሪ ሲሉ "ኖ አብሌስ"። ኮሜር መብላት ነው፤ አትብዪ ሲሉ "ኖ ኮማስ"። ለትልቅ ሰው ሲሆን የመጨረሻዋ "ስ" ትወገዳለች፤ "ኖ ኮማ"፣ አይብሉ እንደማለት። ሔራን አፏን ከፍታ ቀረች። ለካ ባሕር ማዶም አንቱታ አለ! እግዚአብሔር ስንቱን አንደበት ፈጠረ!

ዕውቀት ደስ ይላል፣ ልጆች። ትንሽ ሲሆን ግን ያሰክራል። ሔራን ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩን ስትከለክል ሰነበተች። ወንድሟ ዳቦ ሲያነሳ "ኖ ኮማስ"፣ ዶሮዋ ስትንጫጫ "ኖ አብሌስ"። ስፓኒሽ ጨርሻለሁ ብላም አወራች።

በዚያው ወር ከስፔን የመጡ የዓይን ሐኪሞች በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሰውን በነፃ ማከም ጀመሩ። ጋሼ ወልደሰማያት አስተርጓሚ ሆኑ፤ ሔራንም ለታካሚዎች ውኃ እንድታቀብል ይዘዋት ሄዱ። በሁለተኛው ቀን የሄርማታ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ አባባ ቲጃኒ የዓይን ሞራቸው ተገፎ፣ ዓይናቸው በፋሻ ታሽጎ ወጡ። ሁለቱም ዓይናቸው ካላየ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የታከመላቸው አንዱ ብቻ ነው።

ጋሼ ወልደሰማያት ሌላ ክፍል ነበሩ። ያከመቻቸው ሐኪም ለሽማግሌው "ኖ ሴ አጋቼ" አለችና እንድትተረጉም ከአስተርጓሚው ጋር የመጣችውን ሔራንን አየቻት። ሔራን ክልከላ መሆኑን ዐወቀች። ምን እንደሚከለክል ግን አላወቀችም። ቆይ ልጠይቅ ማለት ትችል ነበር። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ግን እሷን ያያል፤ አፈረች።

"ብዙ አይናገሩ ብላለች" አለች።

አባባ ቲጃኒ አመስግነው አፋቸውን ዘጉ።

ብዙም ሳይቆይ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ጥሪ ተሰማ። ሽማግሌው ምንጣፍ አስነጠፉ። ሔራን ሳታውቅ መተርጎሟ ቢያሳስባት ሮጣ ሄዳ ጋሼ ወልደሰማያትን "አጋቼ" ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ማጎንበስ ነው። የታከመ ሰው ካጎነበሰ ቁስሉ ይከፈታል፤ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።"

እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። አባባ ቲጃኒ ሊያጎነብሱ እጃቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰድደዋል። ደረታቸውን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘቻቸው። በሶላት ላይ ያለ ሰው እንዲህ አይያዝምና ሰዉ ሁሉ ደነገጠ።

"አባባ፣ አያጎንብሱ። ሐኪሟ ያለችው እሱን ነው። ቃሉን ሳላውቀው ዋሸሁ።"

አባባ ቲጃኒ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ወንበር አስመጡና እንደ ሕመምተኛ ተቀምጠው ሰገዱ። ሔራን ከግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ይቅር እንዲላትም እግዚአብሔርን ለመነች።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች። ሽማግሌው ዓይናቸውን አርገበገቡ። መዳፋቸውን አዩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወዳለው ዛፍ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

"ሱብሃነላህ" አሉ። "ቅጠሉ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው።"

ሰዉም ወደ ዛፉ አንጋጠጠ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያይ የኖረውም ጭምር። ከዚያ አባባ ቲጃኒ ያቺ ልጅ የታለች ብለው ጠየቁ። ሔራን አንገቷን ደፍታ ቀረበች።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀና በይ፣ ልይሽ። አላውቅም ማለት ከብዶሽ ነበር። ዋሸሁ ማለት ከእሱ ይከብዳል፤ እሱን ቻልሽው።"

ሔራን ቀና አለች። በእሷ ምክንያት ሊጠፋ የነበረው ዓይን ፊቷን እያየ ነበር።

ልጆች፣ የማናውቀውን ነገር "አላውቅም" እንበል እንጂ ለክብራችን ስንል አንዋሽ።