የኮረሪማ ቅጠል የተነጠፈበት ጉድጓድ

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ መብታችሁ ነው፤ እኔ ግን ከትሁት ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት።

ጊዜው ያለፈው ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ የማንኪራ ጫካ። ጨለማ አልነበረም... ጉም ነበር እንጂ።

ትሁት ለማስተማር ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። የተከራየችው እትዬ የሻረግ ግቢ ነው። የእትዬ የሻረግ ባል፣ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቀፏቸውን ሊያዩ ጫካ ገብተው በዚያው ቀሩ። አገር ምድሩ ወጥቶ ፈለጋቸው። ጫማቸው እንኳን አልተገኘም።

ለቅሶ ተቀመጡላቸው እንጂ አልቀበሯቸውም። ሬሳ ያላገኘ ለቅሶ ደግሞ አያልቅም። እትዬ የሻረግ እህል ተጸይፈው፣ ሰው ሸሽተው፣ በቁማቸው አለቁ። ትሁት በግድግዳው በኩል ሲያለቅሱ ስትሰማ አንጀቷን ይበሏታል።

ትሁት ደኑን በበጎ ፈቃድ የሚጠብቀውና የተጨፈጨፈውን መልሶ የሚተክለው የሰፈሩ ማኅበር አባል ነበረች።

"ከእኛ ጋር ችግኝ ተከላ ይምጡ እትዬ፤ ከቤት ሲወጡ ይቀልልዎታል" አለቻቸው።

በስንት ልመና እሺ አሉ። ጅማ ላለችው ልጃቸው ለወንጌላዊትም ደውላ፣ "በደህና ወስጄ በደህና እመልሳቸዋለሁ" ብላ ቃል ገባች።

ማኅበሩ የራሱ አሠራር አለው። ቆፋሪዎች ቀድመው ይገባሉ፤ ተካዮች ይከተላሉ። ጉድጓዱ በቁጥቋጦ መሃል እንዳይጠፋ እያንዳንዱ ቆፋሪ የራሱን ምልክት ይተዋል። የተካይ ሥራ ምልክቱን ተከትሎ መሄድ ነው፤ ማን ቆፈረው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዚያን ቀን ሁለቱ የደረሳቸው የሊቀመንበሩ የጋሽ ከፈለኝ መስመር ነበር። የእሳቸው ምልክት ችካል ነው።

ችካሉ አለቀ።

ጉድጓዱ ግን አላለቀም...

ቀጣዩ ጉድጓድ ውስጥ አንድ የኮረሪማ ቅጠል ተነጥፏል። ገና አሁን የተቀጠፈ ነው።

እትዬ የሻረግ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ልጄ..." አሉ በሹክሹክታ። "ይሄ የሱ ነው።"

"የማን?"

"የኃይለመስቀል። ለማኅበሩ ሲቆፍር ቅጠል የሚያነጥፍ እሱ ብቻ ነበር።"

"ሌላ ሰው ለምዶት ይሆናል እትዬ። እንመለስ።"

አልሰሟትም። ተንበርክከው ችግኙን ተከሉ። ከፊት ሌላ ጉድጓድ አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ትሁት የያዘችው ቅርጫት እየቀለለ፣ ጉሙ እየወፈረ ሄደ። የጓደኞቻቸው ድምፅ ራቀ። ወፍ የለ፣ ጉሬዛ የለ።

የዶማ ድምፅ ግን ይሰማል...

ዱም።

ዱም።

በቀረቡት ቁጥር ይርቃል።

ትሁት ጎንበስ ብላ ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር ነካችው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ነው ያደረው። አፈሩ ግን ደረቅ ነበር።

"እትዬ፣ በእመቤታችን..." ብላ እጃቸውን ያዘች።

እትዬ የሻረግ ፈገግ አሉ። ባላቸው ከጠፉ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየቻቸው ያኔ ብቻ ነው። ትሁት ከምንም በላይ የፈራችው ይህንን ነበር።

ዶማው ቆመ።

የመጨረሻው ጉድጓድ የችግኝ አልነበረም። ርዝመቱ የሰው ቁመት ነው። ወርዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ከዳር እስከ ዳር ኮረሪማ ተነጥፎበታል። በአንድ በኩል ሰው ጋደም ብሎበት የተነሣ ይመስል ቅጠሉ ተጨፍልቋል።

ሌላው ወገን አልተነካም...

እትዬ የሻረግ ቦቲያቸውን አወለቁ። ማታ ማታ አልጋቸው ሥር እንደሚያደርጉት ጎን ለጎን አስቀመጡት።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ደክሞኛል ልጄ። አንቺ ሂጂ።"

"ወንጌላዊትን ምን እላታለሁ?"

"አባትሽን አገኘችው በያት።"

ትሁት ጎተተቻቸው። ከስተው ያለቁት ሴትዮ እንደ ግንድ ከበዷት። እየጮኸች ወደ ሰዎቹ ሮጠች።

ጋሽ ከፈለኝና ሌሎቹ ተከትለዋት ሲደርሱ ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም። መሬቱ ድፍን ነው፤ የከረመ ቅጠል ለብሷል። እትዬ የሻረግን እስኪመሽ ተጣሩ፤ "አቤት" የሚል አልነበረም። ትሁት መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ቦቲው ባለበት አለ። አጠገቡ አንድ የዋንዛ ችግኝ ተተክሏል። ዙሪያው ያለው አፈር በባዶ እግር ተረግጦ ጠብቋል።

በአንድ ወገን ትንሽ እግር። ፊት ለፊቱ ትልቅ እግር።

ወደዚያ የመጣም፣ ከዚያ የሄደም ዱካ አልነበረም።