በካዝና የቀሩት አራቱ

በ1969 ዓ.ም. የጥር ወር መገባደጃ ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ከታች ጋይንት አውድማዎች በተነሣበት ሰሞን፣ በአርብ ገበያ ከሸማቹ ይልቅ ጠመንጃ ያነገተው ሰው በዝቶ ይታይ ነበር። የመሬት አዋጁ ከታወጀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግራዝማችና ቀኛዝማች ብሎ በአደባባይ መጥራት ቀርቷል፤ ጉልታቸውን የተነጠቁት ባላባቶች ግን ወደ ስማዳ ቆላ ወርደው ሸፍተዋል። ከእነዚያም አንዱ ግራዝማች ቀለመ ወርቅ ነበሩ።

ጠመንጃ ጠጋኙ በሽር አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የግራዝማችን ውጅግራ ሲቀልብ የኖረ ሰው ነው። የተተኮሰ ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩድና አረር ሞልቶ ዳግመኛ ጥይት ማድረግን ከአባቱ ተምሯል። ውጅግራ አንድ ጎርሶ አንድ ይተፋልና የቀለሁን አፍ በጉጠት ጨምቆ አረሩን ማስነከስ አላስፈለገውም። በአገሩ ልማድ፣ ጥይት የሞላ ሰው የመጀመሪያዋን በባለጠመንጃው ፊት ራሱ ይተኩሳታል፤ ፊቱና እጁ ከተረፉለት ሥራው ተመሰከረለት ማለት ነው።

ረቡዕ ጧት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ካሴ ከደጁ ደረሰ። በሽር በልጅነቱ አንተ ይለው የነበረውን ሰው አሁን አንቱ ይለዋል።

«አርብ ማለዳ ወደ ስማዳ እንወርዳለን። ለአሥር ምንሽር ሃምሳ ጥይት ይሙሉልን፤ ወንድምዎ ጁነይዲም ከአሥሩ አንዱ ነው።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምንሽር እንደ ውጅግራ አይደለም» አለ በሽር። «አንዷ ስትተኮስ አራቱ በካዝናው ሆነው ተራ ይጠብቃሉ። አፋቸው ካልተነከሰ የጠመንጃው ርግጫ አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰደዋል። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

ካሴ ፊቱ ጠቆረ። «ለግራዝማች ሲሞሉ አንድም ቀን ማስነከስ ሲሉ አልሰማሁም። ለባላባት የፈጠነ እጅ ለሰፊው ሕዝብ ሲሆን የሚዘገየው ለምንድን ነው? ይህን ሌላ ሰው ቢሰማ አሻጥር ነው የሚለው።»

አሻጥር የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ወዴት እንደሚወሰድ በሽር ያውቃል፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ሃምሳውን ሞልቶ ሲጨርስ ሐሙስ ተገባዷል። ጉጠቱን አንሥቶ እያንዳንዷን ቀስ ብሎ እያዞረ የአምስቱን አፍ አስነከሰ፤ ቀኑም መሸ። አምስቱን ለይቶ በጨርቅ ቋጠራቸውና ለጁነይዲ ሰጠው። ለምን እንደለያቸው ግን አልነገረውም።

አርብ ማለዳ ታጣቂዎቹ ከገበያው ዳር ተሰለፉ። ካሴ አምስት ጥይት የጎረሰ ምንሽሩን እንደ ልማዱ ለበሽር አቀበለው፤ በሽርም ወደ ገደሉ ዐልሞ ተኮሰ። ተኩሱ ጥርት ያለ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ካሴም ሣቅ ብሎ፣ «እጅዎ ይባረክ፤ በከንቱ ነው የተቆጣሁት» አለው።

በሽር ግን የርግጫው ምት ከትከሻው አልፎ በካዝናው የቀሩትን አራቱን እንደ ነካቸው ያውቃል። ያ ምስክርነት ለውጅግራ እንጂ ለምንሽር እንደማይሠራ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አውጥተው ይዩአቸው ሊል አሰበ፤ ያችን አሻጥር የምትባል ቃል አስታውሶ ተወው። ጠመንጃውን መለሰ፤ ሰዎቹም ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሰኞ የካሴ አስከሬን በቃሬዛ መጣ። ጁነይዲ ከቀብሩ ወደ በሽር ቤት ሄዶ አንድ ጥይት ከመደቡ ላይ አኖረ። አረሩ እስከ ጫፉ ድረስ በቀለሁ ውስጥ ሰጥሟል።

«ወንድም ጋሼ፣ ካሴ አንዷን ተኮሰ። ሁለተኛዪቱ ይህች ናት። መዝጊያው ነክሷት አልወጣም አልገባም አለ፤ ሲታገል ሽፍቶቹ ደረቱን አሉት። የእኔ አምስቱም ወጡ።»

«አንድ ሳምንት ጠይቄው ነበር። ርግጫው በካዝና የቀሩትን አረር እንዳይሰድ አፋቸውን ለማስነከስ ጊዜ የበቃኝ ለአምስት ብቻ ነበር።»

«አምስቱን ለእኔ መስጠትህን አልጠየቅሁህም፤ ወንድምህ ነኝ» አለ ጁነይዲ። «ግን ብትነግረን ካዝናውን ባዶ ትተን፣ እንደ ውጅግራ አንድ በአንድ እያጎረስን እንተኩስ ነበር። ይህን ለመናገር አንድ ሳምንት ያስፈልግህ ነበር?»

በሽር ጥይቷን አገላብጦ አያት። ይህን ቀላል ነገር ፍርሃት ከልቡ ሰውሮበት ነበር። ጁነይዲ ጥይቷን አንሥቶ ወጣ፤ ወንዝ ጣላት፤ ለማንም አልተናገረም። ዳግመኛ ግን ከወንድሙ ቤት እህል አልቀመሰም።

በማግሥቱ በሽር ለቅሶ ደረሰ። የካሴ ሚስት ውብነሽ ከሰው መካከል ተነሥታ እጁን ያዘችው። «ጋሽ በሽር፣ ያች የአርቧ ጥይት እንዲያ ስትጮህ፣ ካሴ ዛሬስ ልቤ አረፈ ብሎኝ ነው የሄደው» አለችው። እያለቀሰች አመሰገነችው። በሽር ያን ቀን መሞትን ተመኘ።

በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ፣ ጓድ ካሴ በፀረ አብዮተኞች ጥይት መሰዋቱ ተጽፏል፤ ሐሰት የለበትም። ሥርዓቱም በተራው አለፈ፤ መዝገቡም የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። በሽር ግን እስኪያረጅ ድረስ ጥይት በሞላ ቁጥር፣ ማስነከስ የማያስፈልገውን የውጅግራን ቀለህ እንኳ ሳይቀር፣ እያንዳንዷን ቀስ ብሎ እያዞረ ያስነክስ ነበር። ደንበኞቹ በከንቱ ይደክማል እያሉ ይሥቁበት ነበር፤ እሱም አብሯቸው ፈገግ ይልና ጉጠቱን ደግሞ ያነሣ ነበር።