ስድስተኛው ጥርስ

በእኛ የጓቴማላ ደጋ መንደር ሐሙስ ገበያ ነው። ከባቄላና ከበቆሎ ሻጮቹ አልፋችሁ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ስትደርሱ ጥርስ ነቃዩን ዶን ሂላሪዮን ታገኙታላችሁ። አንድ ወንበር፣ አንድ ጉጠትና አንድ ጠርሙስ አረቄ አለው። የነቀላቸውን ጥርሶች በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ያሳያል። ሰው ብዛታቸውን አይቶ፣ «ይሄማ ያውቅበታል» ይልና ይቀመጥለታል።

እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ትልቋን ልጄን ማርሴሊናን አስቀመጥኩለት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከታች በስተቀኝ ያለው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርብሮ እህል አላስበላ ብሏት ነበር።

«የወተት ጥርስ ነው፤ ይተካል» አለ ሂላሪዮ።

አማቴ እማማ ሴባስቲያናም፣ «የልጅ ጥርስ ምን ያስጨንቅሻል? እንደ ሣር ነው፤ ይበቅላል» አሉኝ።

ልጄ ጮኸች። ጥርሱ ወጣ። ሁለት ረጃጅም ሥሮች ነበሩት። ቀደም ብለው በራሳቸው የወደቁት የፊት ጥርሶቿ ግን ሥር አልነበራቸውም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም አልጠየቅኩም።

ማርሴሊና ጥርሷን አጥባ፣ የልጅ ጥርስ ወስዳ አዲስ ታመጣለች ለምትባለው አይጥ ትራሷ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ትመጣና አፏን ትከፍትልኝ ነበር።

«እማዬ፣ ጫፉ ወጣ መሰለኝ። ንኪው እስቲ።»

እነካዋለሁ። ድድ ነው። «ትንሽ ጠብቂ» እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትንሽ ጠብቂ አልኳት።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ እኛ እናቶች ፊደል በምንማርበት ክፍል፣ መምህራችን ኖኤሚ ከጤና ጣቢያ የመጣ ወረቀት አደለችን። ተራ በተራ እናነባለን። ተራዬ ሲደርስ ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እያስኬድኩ እንዲህ የሚለውን አነበብኩ፦ «ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አዲስ መንጋጋ ጥርስ ይወጣል። ሲወጣ የሚወድቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ይህ ጥርስ ቋሚ ነው። ከተነቀለ አይተካም።»

አይተካም የምትለውን ቃል በትክክል ያነበብኩ ስላልመሰለኝ ተመልሼ ፊደል በፊደል ቆጠርኳት።

«ልክ ነሽ፣ ሆሴፋ። ቀጥይ» አለች ኖኤሚ።

ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሌሎቹ ሲሄዱ ኖኤሚ ሥዕሉን እያሳየች አስረዳችኝ። የወተት ጥርስ ልጁ ገና ማሕፀን ሳለ መሠራት ይጀምራል። አብዛኛው አዲስ ጥርስ ከወተቱ ጥርስ ሥር ያድግና ወደ ላይ ሲገፋ የአሮጌው ሥር እየሟሟ ያልቃል። የወደቀ የወተት ጥርስ ሥር የሌለው ለዚህ ነው። ያ የኋለኛው መንጋጋ ግን የሚተካው አሮጌ የለውም፤ ከሥሩም ተተኪ የለውም። ልጅ በሚወለድበት ጊዜ ገደማ አጥንት ውስጥ መጠንከር ይጀምርና ስድስት ዓመት ያህል ድድ ውስጥ ተደብቆ ይሠራል።

ወደ ቤት ስሄድ ዓመቶቹን ቆጠርኩ። ማርሴሊና ጡት ስትጠባ፣ ስትድህ፣ ቆማ ስትሄድ ያ ጥርስ ውስጧ ሲገነባ ነበር። ሂላሪዮ በአንድ ደቂቃ ነቀለው። እኔ እጇን ጨብጬ ያዝኩለት፤ ከዚያም አመሰገንኩት! ጥርሱን ያበላሸውስ ማን ሆነና? በጡጦ ስኳር የበዛበት ቡና የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስታለቅስ ለስላሳ የገዛሁላት እኔ ነኝ። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» እያልኩ ገና ሳያማት አንድ ቀን እንኳ አፏን አይቼ የማላውቅ እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ሰባት ዓመት የሆናትን ትንሿን ልጄን ሩፊናን አፏን አስከፈትኳት። እዚያው ቦታ፣ ያው ጥርስ ላይ፣ ጥቁር ቀዳዳ አለ።

«አዎ፣ ሰሞኑን ያማታል» አሉ እማማ ሴባስቲያና። «ሐሙስ ሂላሪዮ ጋ እወስዳታለሁ።»

«አይሆንም፣ እማማ። ቋሚ ጥርስ ነው።»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ! ትናንት ስሟን መጻፍ ያቃታት ሴትዮ ዛሬ ሐኪም ሆነችልኝ! እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግኩት የትኛውን ወረቀት አንብቤ ነው?»

«ልጅዎ ለምን በግራ በኩል ብቻ እንደሚያኝክ ጠይቀውት ያውቃሉ?»

ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ባሌ ቂጣውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። እማማ ተቆጥተው ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ አጥቤ ስመለስ እማማም ሩፊናም የሉም። ማርሴሊናን አስከትዬ ሮጥኩ። ስደርስ እማማ አጠገቧ ቆመው ሩፊና ወንበሩ ላይ አፏን ከፍታ ተቀምጣለች። ሂላሪዮ ጉጠቱን በሱሪው እየጠረገ ነው።

«ተዋት!» አልኩ።

«ምን ሆነሻል፣ ሆሴፋ? የወተት ጥርስ እኮ ነው።»

«ቁጠረው።»

«ምኑን?»

«ከፊት፣ ከመሃል ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠር። ሰዉ ሁሉ ይስማህ።»

«ኧረ ሂላሪዮ፣ ልታስተምርህ ነው! ደብተር ግዛ!» አለች አንዷ ቃሪያ ሻጭ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጣቴን ልጄ አፍ ውስጥ ከትቼ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። «የወተት ጥርስ በአንድ ጎን አምስት ብቻ ነው። ይሄ ስድስተኛው ነው። ይሄን ብትነቅለው ምን ትተካላታለህ? ከዚህ ከጨርቅህ ላይ አንስተህ ትሰጣታለህ?»

«ሠላሳ ዓመት ነቅያለሁ!» ብሎ ጮኸ። «የልጅ ጥርስ ይበቅላል!»

ያኔ ማርሴሊና ከኋላዬ ወጣች። ስትስቅ እንኳ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። ከፊቱ ቆማ አፏን በሰፊው ከፈተችና በጣቷ አሳየችው።

«ዶን ሂላሪዮ፣ የእኔን ሦስት ዓመት ጠበቅኩት። መቼ ነው የሚበቅለው?»

እኔ አይበቅልም ብዬ አልነገርኳትም ነበር። ለመንገር አፍሬ ሳመነታ ከጭቅጭቃችን ሰምታ ኖሯል።

ሂላሪዮ ጎንበስ ብሎ አየ። አንዲት ተራ የምትጠብቅ ሴት የልጇን አገጭ ይዛ አፉ ውስጥ መቁጠር ጀመረች። ሂላሪዮ ጉጠቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ።

ሩፊናን ከወንበሩ ያነሷት እማማ ሴባስቲያና ራሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ ብዙ ሄደን፣ «ያን ወረቀት አንብቢልኝ» አሉኝ። ቆሜ አነበብኩላቸው። «እኔም ለልጆቼ እንዲሁ ነበር ያደረግኩት» አሉና ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። የሩፊና ጥርስ ተጠርጎ ተሞላ። አሁን ታኝክበታለች። የማርሴሊና ግን አይመለስም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ «ንኪው እስቲ» ብላኝ አታውቅም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ እናቶችና አባቶች፣ «የወተት ጥርስ ነው» የምትሉትን ቃል ከዛሬ ጀምሮ አትበሉብኝ። ጡጦውን በስኳር አትሙሉ። ጥርስ ሲጠቁር ገበያ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ሂዱ። መጀመሪያ ግን አሁኑኑ ልጃችሁን ጥሩና አፉን አስከፍቱት። ማንበብ ባትችሉም እስከ ስድስት መቁጠር አያቅታችሁም።