በግምት የጨመርኩት ኬሚካል

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ የገዛ ጥፋቴ ስለሆነ ነው።

ሃያ ዓመት በፎርማንነት ሠርቻለሁ። አሸዋውንም ውሃውንም በዓይኔ ስለምገምት ሠራተኞቹ «ሚዛኑ» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

የአንድ ጤና ጣቢያ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያውን፣ የሞላን ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። በእንዲህ ያለ ሙቀት ኮንክሪት በደንብ ሳይደላደል ስለሚጠነክር፣ መጠንከሩን የሚያዘገይ ፈሳሽ ኬሚካል ይጨመርበታል። ወጣቷ የላቦራቶሪ ባለሙያ መለኪያ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ለአንድ ድብልቅ እስከዚህ መስመር ብቻ ነው። ከበዛ ኮንክሪቱ ለቀናት ጉልበት አያገኝም» አለችኝ።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ኮንክሪት ያቦካሁት!» ብዬ ሳቅሁባት።

ዞር ስትልልኝ መለኪያውን ትቼ ከጀሪካኑ አንቆረቆርኩት። የመጨረሻዎቹ ድብልቆች ላይማ ሙቀቱ ስለባሰ እጄን ለቀቅ አደረግሁ። እሷ ግን ከየድብልቁ ለምርመራ ናሙና ወስዳ ኖሯል።

በሳምንቱ ሶሌታውን ላዩን ረገጥ ረገጥ አደረግሁት፤ ድንጋይ ሆኗል። አናጺውን ታናሽ ወንድሜን ከሥር ገብቶ ሶሌታውን የተሸከሙትን ድጋፎች እንዲነቅል አዘዝኩት። ሁለተኛውን ሲያላላ ባለሙያዋ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ያስወጡት! የመጨረሻው ናሙና የላቦራቶሪው መጭመቂያ ማሽን ገና ሲነካው ፈረሰ። የደረቀው ላዩ ብቻ ነው!»

«ኧረ ተይኝ፣ ሁሌም በሳምንቱ ነው የምንነቅለው...»

ንግግሬን አላስጨረሰችኝም። ጎንበስ ብላ ገባችና ወንድሜን በቀበቶው እየጎተተች አወጣችው። ከደጅ እንደደረሱ የመጨረሻዎቹ ድብልቆች የፈሰሱበት የሶሌታው ጥግ ተገምሶ፣ እሱ ቆሞበት የነበረውን መሰላል አደቀቀው።

ወንድሜ በአቧራ ነጥቶ፣ «ቀበቶዬን እኮ በጠስሽው» አላት። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ አለ። እኔ እሱን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ያደረግሁትን ለመሐንዲሱ በራሴ አንደበት ተናገርኩ። የተበላሸው ጥግ ፈርሶ እንደገና ተሞላ። የቀረውንም ድጋፉን ሳንነካ፣ ውሃ እያጠጣን፣ ናሙናው «በቃ» እስኪል ጠበቅነው።

ወገኖቼ፣ ኬሚካሉ ምንም ክፋት የለውም፤ በልኩ ሲገባ ሥራችንን ከሙቀት ያድንልናል። ሰው ሊገድል የነበረው «እኔ አውቃለሁ» ማለቴ ነው። ልምድ ያለን ሰዎች እንለካ፤ የሚያውቅ ሲነግረንም፣ በዕድሜ ቢያንሰንም እንስማ።

አሁን ያቺ ልጅ ወደ ሥራ ቦታችን ስትመጣ ብድግ ብዬ እቀበላታለሁ።

«ጋሼ፣ ኧረ በእናትዎ ይቀመጡ!» ትለኛለች እያፈረች።

አልቀመጥም። ወንድሜን የመለሰችልኝ እሷ ናት።